ለፈዘዘ የአይሱዙ የኋላ መብራት፦ ከስፕሬዩ በፊት ውሃ አፍስስበት

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አነበብኩት። በፈረንጆቹ 1998 ሞዴል የሆነ አይሱዙ ኤንፒአር አለህ። የኋላ መብራቶቹ ነጥተው ቀዩ ሮዝ መስሏል። አንዱ በጥርስ ሳሙና እሸው ይልሃል፣ ሌላው ቀይ ስፕሬይ ንፋበት ይልሃል፣ አንተ ደግሞ አዲስ ልግዛ ወይስ ይድናል ብለሃል። የጭነት መኪና መብራት ላይ ብዙ ስለሠራሁ ሰፋ አድርጌ ልመልስልህ።

ገንዘብ ከማውጣትህ በፊት ክዳኑን፣ ማለትም ከላይ ያለውን ቀይ ፕላስቲክ፣ በፈሳሽ ሳሙናና በውሃ እጠበው። ገና እርጥብ እያለ ደህና አድርገህ እየው። ሲረጥብ ቀዩ ከተመለሰ ጉዳቱ ከላይ ብቻ ነው። ውሃው ጥቃቅኖቹን ጭረቶች ስለሞላቸው ነው የጠራው። ይሄ በብርጭቆ ወረቀትና በፖሊሽ ይድናል። እርጥብም ሆኖ ሮዝ ከሆነ ግን ቀለሙ ራሱ አልቋል ማለት ነው። የኋላ መብራት ቀለም ከላይ የተቀባ አይደለም፣ ከፕላስቲኩ ጋር አብሮ የተቀላቀለ ነው። ፀሐይ ከበላችው የሚመልሰው ፖሊሽ የለም። አዲስ አበባን የመሰለ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለ ከተማ ደግሞ ጨረሩ ከቆላው ይበረታል። ከፍታው በ1,000 ሜትር ሲጨምር አልትራቫዮሌት ጨረር 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ሁልጊዜ አንድ ቦታ የሚቆም መኪና ላይ አንዱ ጎን ብቻ ነጥቶ የምታየው ፀሐይ የሚያገኘው ያ ጎን ስለሆነ ነው።

ሌላም የማይድን አለ። ፕላስቲኩ ውስጥ መረብ የመሰለ ቀጭን ስንጥቅ ካየህ አትልፋ። ወረቀቱ እዚያ ድረስ አይደርስም። ብዙ ጊዜ ይሄን ስንጥቅ የምናመጣው እኛው ነን። ጋራዥ ውስጥ ሁሉን ነገር በቤንዚን ወይም በቲነር መጥረግ ተለምዷል። የኋላ መብራት ክዳን አብዛኛውን ጊዜ አክሪሊክ የሚባል ፕላስቲክ ነው፣ አክሪሊክ ደግሞ ቤንዚን፣ ቲነር፣ አሴቶንና አልኮል አይወድም። ዛሬ ያጸዳው ይመስልሃል፣ ቆይቶ ግን ይሰነጣጠቃል። እባክህ፣ ሳሙናና ውሃ ብቻ።

የሚድን ከሆነ ክዳኑን ፍታ። ኤንፒአር ላይ በአብዛኛው ከውጭ በኩል በብሎን ነው የሚታሰረው። ብሎኑ ዝጎ ከሆነ ዝገት ማስለቀቂያ በጥቂቱ ንካውና ታገሥ፤ በኃይል ካዞርከው ፕላስቲኩ ጆሮው ላይ ይሰበራል። ከዚያ ባልዲ ውሃ አዘጋጅና በ1000 ቁጥር የውሃ ብርጭቆ ወረቀት ጀምር። ጭረቱ ጥልቅ ካልሆነ ወደ 800 አትውረድ። በ1000 ስታሽ ወደ ግራና ቀኝ፣ ወደ 1500 ስትሻገር ወደ ላይና ወደ ታች አድርገው። አቅጣጫውን ስትቀይር የቀደመው ቁጥር ጭረት መጥፋቱ በግልጽ ይታይሃል። ሳይጠፋ ወደ ቀጣዩ አትለፍ፣ ሥራው የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ከዚያ 2000፣ ካገኘህ 3000። ወረቀቱ ሁልጊዜ ይርጠብ። ክዳኑ በዚህ ጊዜ ወተት መስሎ ሊያስደነግጥህ ይችላል፣ አትጨነቅ። መጨረሻ ላይ የቀለም ቤት ኮምፓውንድ (ማለስለሻ ፖሊሽ) በንጹሕ ጨርቅ እሸው። በማሽን ከሆነ በዝግታ፣ አንድ ቦታ ሳትቆይ፤ ፕላስቲኩ ከሞቀ ይቀልጣል።

የጥርስ ሳሙናው ውሸት አይደለም። በጣም ለስለስ ያለ መፋቂያ ስለሆነ ቀላል ብዥታ ያነሳል። ለአንተ መኪና ግን አይበቃም።

ላዩን ክሊር (ቀለም የሌለው መከላከያ ሽፋን) ይነፋ ወይ? ለኋላ መብራት እኔ አልመክርም። የዘመኑ የፊት መብራት ፖሊካርቦኔት ከሚባል ሌላ ፕላስቲክ የተሠራ ነው፣ መከላከያ ሽፋኑ ከተላጠ ሌላ ሽፋን ይፈልጋል። አክሪሊክ ግን ፀሐይን የተሻለ ይችላል። የክሊሩ ቲነር ራሱ ሊጎዳው ይችላል፤ ማጠንከሪያ የሚገባበት ክሊር ደግሞ ጭሱ ለሳንባ አደገኛ ነው፣ ያለ ደህና ማስክ አይነካም። በየሁለት ሦስት ወሩ የመኪና ዋክስ ብትቀባው ይበቃሃል።

አሁን ወደ ቀዩ ስፕሬይ። ይሄን በጣም እለምንሃለሁ፣ አታድርገው። ብርሃን የሚያሳልፍ ቀይ ቢሆን እንኳ ከአምፖሉ የሚወጣውን ብርሃን ይቀንሳል። ከዚህ የባሰው አንጸባራቂው ነው። ክዳኑ ላይ ከውስጥ በኩል ጥቃቅን ማዕዘን ማዕዘን ያለው ክፍል አለ። መኪናው ጠፍቶ ቆሞ እንኳ ከኋላ የሚመጣውን መብራት መልሶ የሚልከው እሱ ነው። ቀለም ከተነፋበት ሥራው ይደክማል። ዓባይ በረሃ ላይ ማታ ባትሪ ሞቶበት የቆመ አይሱዙ አስብ። ከድንጋይና ከቅጠሉ ሌላ ከኋላ ለሚመጣው ሾፌር የሚታየው አንጸባራቂው ብቻ ነው።

ክዳኑን ከፈታህ ላይቀር ውስጡን ሳታይ አትዝጋ። ብዙ ሰው ክዳኑን አሳምሮ መብራቱ አሁንም ደካማ ነው ብሎ ይመለሳል፣ ምክንያቱ ውስጥ ስለሆነ። አምፖሉ መስታወቱ ከጠቆረ ቢበራም ቀይረው። የእኛ አይሱዙዎች 24 ቮልት ናቸው፣ ስለዚህ ለፓርኪንግና ለስቶፕ (ለፍሬን መብራት) 24 ቮልት፣ 21/5 ዋት ባለ ሁለት ክር አምፖል ጠይቅ። ከዚያ ማሳውን፣ ማለትም መብራቱን ከመኪናው ብረት ጋር የሚያገናኘውን የነጌቲቭ ሽቦ፣ ተመልከት። ፍሬቻ ስታበራ ስቶፑም አብሮ ደከም እያለ ብልጭ ካለ፣ ጥፋቱ በአብዛኛው ማሳ ነው። መብራቱ በርቶ እያለ በቴስተር (በቮልት መለኪያ) ከባትሪው ነጌቲቭ እስከ መብራቱ ማሳ ለካ። ከግማሽ ቮልት በላይ ካነበብክ ማያያዣውን ፍታ፣ ብረቱ እስኪያበራ ፋቀው፣ መልሰህ እሰረው። ትንሽ ነገር እንዳይመስልህ፤ አምፖሉ ጋ የሚደርሰው ቮልቴጅ 10 በመቶ ሲወርድ ብርሃኑ 30 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። የጎማ ማሸጊያው ከደረቀም ቀይረው፣ አለበለዚያ ክረምት ሲገባ ውሃ ይሞላዋል።

መግዛት ግድ ከሆነ መጀመሪያ ክዳኑ ለብቻው ይገኝ እንደሆነ ጠይቅ፣ ሙሉውን የመብራት ቤት መግዛት ላያስፈልግህ ይችላል። ያገለገለ ከፈለግህ አዲስ አበባ ውስጥ እንደ ሱማሌ ተራ ያለ የመለዋወጫ ሰፈር ጠይቅ። ክዳኑ ላይ የተቀረጸውን ጽሑፍ አንብብ፦ ኮይቶ፣ ስታንሊ ወይም ኢቺኮ የሚሉት የጃፓን መብራት ሠሪዎች ናቸው። ክብ ውስጥ ኢ ፊደልና ቁጥር ካለበት ደግሞ የአውሮፓ ማረጋገጫ ምልክት ነው። ምልክት ብቻ አይበቃም፣ ወደ ፀሐይ አንስተህ እይ። ቀዩ ጥልቅ ካልሆነ የሌላ ሰው ሮዝ ክዳን ነው የምትገዛው። ሁለቱንም ጎን አንድ ላይ ቀይር፣ አንዱ ደማቅ አንዱ ፈዛዛ ሆኖ ከኋላ ያለውን ሰው እንዳያደናግር።

ስትጨርስ ሲመሽ ሰው ከኋላ ራቅ ብሎ ይቁምልህ። ፓርኪንግ አብራ፣ ከዚያ ፍሬን ርገጥ። ልዩነቱ ወዲያው ሊታየው ይገባል። ካልታየው አምፖሉን አውጣና የጎን ፒኖቹን እይ። ከፍታቸው እኩል አይደለም፤ ተገልብጦ በግድ ከገባ ስቶፑና ፓርኪንጉ ቦታ ይለዋወጣሉ።