የእናት ጡት ወተት ፕሮቲን ሆድ ውስጥ ሲፈጭ ጥቅሙ ይጠፋል ወይ?

እህቴ፣ «የጡት ወተት ፕሮቲን ሆድ ውስጥ ከተፈጨ የልጄን የአንጀት ሴሎች እንዴት ይከላከላል?» ብለሽ ጠይቀሻል። በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው። መፈጨቱ ራሱ ጥቅም አለው።

መጀመሪያ ላክቶፌሪንን እንይ። ብረትን አጥብቆ የሚይዝ ፕሮቲን ነው፤ አንዱ ሞለኪውል ሁለት የብረት አቶም ይሸከማል። ያልተያዘ ብረት ሴሎች ራሳቸው ከሚያመነጩት ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ከሚባል ኬሚካል ጋር ሲገናኝ ሃይድሮክሲል ራዲካል የሚባል አጥፊ ነገር ይፈጠራል። እሱ ደግሞ ያገኘውን ሁሉ ይጎዳል፤ የሴሉን ሽፋን፣ ዲኤንኤውን ሳይቀር። ላክቶፌሪን ብረቱን ቀድሞ ስለሚይዘው ጉዳቱ ገና ሳይጀመር ይቀንሳል። የጨቅላ ሕፃን የጨጓራ አሲድ ደካማ ስለሆነ ከላክቶፌሪኑ የተወሰነው ሳይፈጭ አንጀት ይደርሳል። ጡት የሚጠባ ሕፃን ሰገራ ውስጥ እንኳ ይገኛል!

ኬዚንና አልፋ-ላክታልቡሚን የሚባሉት ሌሎች የወተት ፕሮቲኖች ግን ተሰባብረው ፔፕታይድ፣ ማለትም አጫጭር የፕሮቲን ቁርጥራጭ ይሆናሉ። ሙሉው ፕሮቲን ውስጥ ተጣጥፈው የተደበቁት ትሪፕቶፋንና ታይሮሲን የሚባሉ አሚኖ አሲዶች (የፕሮቲን መሥሪያ ክፍሎች) ያኔ ይገለጣሉ፤ ራዲካሉንም ያበርዱታል።

አንድ ነገር ልብ በይ፤ ይህ በአብዛኛው የታየው ላቦራቶሪ ውስጥ በሳህን ላይ ባደጉ ሴሎች ነው። ሕፃን ሆድ ውስጥ ነገሩ ከዚህ ይወሳሰባል።

ጊዜያቸው ሳይደርስ ለተወለዱ ልጆች ጉዳዩ የበለጠ ያሳስበኛል። የራሳቸው መከላከያ ገና አልጠነከረም። ላክቶፌሪን በብዛት የሚገኘው በእንገር ውስጥ ስለሆነ ያቺ ጥቂት ቢጫ ጠብታ እንዳትደፋ። በልገሳ የሚሰጥ ወተት ጀርሞች እንዲሞቱ ለ30 ደቂቃ በ62.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሞቅ ብዙ ላክቶፌሪን ያጣል። ስለዚህ የራስሽ ወተት ካለ እሱ ይቅደም።