በየት በኩል መጣ?

ሰላም ልጆች። ዘንድሮ ላቦራቶሪ፣ ነርሲንግ፣ ሕክምና ወይ ባዮሎጂ የጀመራችሁ፣ ይሄ ለእናንተ ነው። ሌላውም ቢያነበው ክፋት የለውም። ሠላሳ ምናምን ዓመት ማይክሮስኮፕ ላይ ተደፍቼ የኖርኩ የላቦራቶሪ ሰው ነኝ፤ አንገቴ ምስክር ነው።

ማይክሮባዮሎጂ፣ የጥቃቅን ተሕዋስያን ትምህርት፣ ሲጀመር የሚያስለቅሰው የባክቴሪያዎቹ ስም ነው። ስታፊሎኮከስ፣ ስትሬፕቶኮከስ፣ ማይኮባክቴሪየም። ምላስ ይጠመዝዛል። እኛም ግድግዳ ላይ ለጥፈን እንደ ዳዊት ደገምነው፤ ፈተናውንም አለፍን። ሥራ ስገባ ግን አንድም ታማሚ ስም ጠይቆኝ አያውቅም። «ልጄ፣ ይሄ ነገር በየት በኩል መጣብኝ?» ነው የሚሉት። ትንሽ ዝም ይሉና ደግሞ፣ «ልጆቼስ?»

እኔ ይሄን ጥያቄ መስማት የጀመርኩት ከተሳሳትኩ በኋላ ነው። ልንገራችሁ።

ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ነው፤ አንድ የገጠር ጤና ጣቢያ። የአክታ ምርመራ እሠራለሁ። የቲቢ ባክቴሪያ ሽፋኑ ሰም መሳይ ስለሆነ ቀለም እንዲሁ በዋዛ አይገባውም። ቀዩን ቀለም፣ ካርቦል ፉክሲኑን፣ ስላይዱ ላይ፣ አክታው የተቀባበት ስስ መስታወት ላይ፣ ታፈሱና ከሥር በእሳት ታሞቁታላችሁ። እንፋሎቱ ብን እስኪል ብቻ፣ እንዳይፈላ። አንዴ ከገባለት ግን አሲድና አልኮል ብታፈሱበትም አይለቅም፤ ሌላው ሁሉ ታጥቦ ይሄዳል። ከዚያ በሰማያዊ ታቀልሙታላችሁ። ሰማያዊ ሜዳ ላይ ቀጫጭን ቀያይ ዘንጎች ይታያሉ፣ አንዳንዴ ለብቻ፣ አንዳንዴ ሁለት ሦስት ሆነው ተደጋግፈው። እግዜር ይቅር ይበለኝና ቆንጆ ናቸው።

«የለበትም» ብሎ ለመጻፍ ቢያንስ 100 ፊልድ ማየት ያስፈልጋል፤ ፊልድ ማለት በማይክሮስኮፑ በአንድ ጊዜ የሚታየው ክብ ቦታ ነው። በከንቱ የወጣ ሕግ አይደለም፤ በማይክሮስኮፕ እንዲገኝ በአንድ ሚሊ ሊትር አክታ ውስጥ ከ5,000 እስከ 10,000 የሚደርስ ባክቴሪያ መኖር አለበት። ያን ቀን የስላይዱ ብዛት አይጣል ነው፣ ሰዓቱ ዘጠኝ ተኩል ሆኗል፣ ምሳ አልበላሁም። ሃያ ወይ ሠላሳ ፊልድ አየሁና «ኔጌቲቭ» ብዬ ጻፍኩ። ሰውየው መርቆኝ ሄደ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ደም እየተፋ መጣ። የሥራ አለቃዬ አልተቆጣኝም። የድሮውን ስላይድ ከሳጥን አውጥቶ «እስቲ ቁጭ በል» አለኝ። አርባ ስድስተኛው ፊልድ ላይ ሁለት ቀያይ ዘንጎች። ስድሳዎቹ ውስጥ ደግሞ አንድ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ቤቱ አብሬ ሄድኩ። ሚስቱና ሦስት ልጆቹ ከእሱ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ነው የሚተኙት። ደጋ ነው፣ ብርድ አለ፣ ያለችው አንድ መስኮት በጨርቅ ተወትፋለች። ጎረቤት ነግሯቸው ኖሮ ሳህኑንና ብርጭቆውን ለይተውለታል፤ መደርደሪያው ላይ ለብቻዋ የተቀመጠች ጣሳ አሁንም ትታየኛለች። ቲቢ ግን በሳህን አይተላለፍም፣ በብርጭቆም፣ በመጨባበጥም። ሰው ሲያስል ትልልቁ ጠብታ መሬት ይወድቃል፤ ደቃቁ ደርቆ አየር ላይ ይንሳፈፋል፣ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ለሰዓታት። ልጆቹ የሚተነፍሱት እሱን ነው። ቤተሰቡ በጥንቃቄ የዘጋው የማይመጣበትን በር ነበር። የሚመጣበትንማ እኔም በዚያች «ኔጌቲቭ» ክፍቱን ትቼዋለሁ፤ ያኔ መድኃኒት ቢጀምር ኖሮ ማስተላለፉ በጥቂት ሳምንት ውስጥ በጣም ይቀንስ ነበር።

ባክቴሪያው ሳንባ የገባበት ሰው ሁሉ ይታመማል ማለት አይደለም። ከአሥር ዘጠኙ ዕድሜ ልኩን ይዞት ሳይታመም ይኖራል። ሕፃናት ላይ ግን ይከፋል። የዚያ ቤት ትንሿ ልጅ ታመመች። ስድስት ወር መድኃኒት ወስዳ ዳነች፣ ተመስገን።

ከዚያ ወዲህ ማንኛውም በሽታ ሲመጣ መጀመሪያ መንገዱን እጠይቃለሁ። ስሙን በኋላ እንደርስበታለን። ስሙ ሳይታወቅ መንገዱ የተዘጋበት ጊዜም አለ። በ1854 (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን ናቸው) ለንደን ውስጥ ሶሆ የሚባል ሰፈር ኮሌራ ሰውን ሲጨርስ፣ ዶክተር ጆን ስኖው ቤት ለቤት እየዞረ ሟቾቹ ውሃ ከየት ይቀዱ እንደነበር ጠየቀ። ብዙዎቹ ከአንዲት የብሮድ ስትሪት ፓምፕ ነው የሚቀዱት። እዚያው አጠገብ ያለ የቢራ ጠማቂ ሠራተኞች ግን አልሞቱም፤ ለካ ቢራ ስለሚታደላቸው ያንን ውሃ አይጠጡም! የፓምፑ እጀታ ተነቀለ። እውነቱን ለመናገር ወረርሽኙ በዚያን ሰዓት እየበረደ ነበር፣ መጻሕፍቱ ሲተርኩት ትንሽ ቅመም ይጨምሩበታል። ቁምነገሩ ግን ጀርመናዊው ሐኪም ሮበርት ኮህ የኮሌራን ባክቴሪያ ለዓለም ያሳየው ከዚያ በኋላ ወደ ሠላሳ ዓመት ቆይቶ መሆኑ ነው። ስኖው ባክቴሪያውን አላየውም። ባልዲውን ነው ያየው።

የእኛው ዶክተር አክሊሉ ለማም እንዲሁ ናቸው። በ1964 አድዋ አጠገብ የቢልሃርዝያ ቀንድ አውጣዎችን ሲያጠኑ፣ ሴቶች ልብስ ከሚያጥቡበት ወረድ ብሎ ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው አዩ። ልብሱ የሚታጠበው በእንዶድ ነው። የቢልሃርዝያ ትል እንቁላል ከሰው ወጥቶ ውሃ ይገባል፣ ይፈለፈልና ቀንድ አውጣ ውስጥ ያድጋል፣ ከዚያ ውሃ ውስጥ የቆመ ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። ቀንድ አውጣው ከሌለ መንገዱ መሐል ላይ ተቆረጠ ማለት ነው። እናቶቻችን ስንት ዘመን ያጠቡበትን ነገር ቆም ብሎ ማየት ነው የእሳቸው ትልቅነት።

መንገዱ ካልታወቀ ደግሞ ድካም ብቻ ነው የሚተርፈው። ኅዳር 12 ስንት ጊዜ ቆሻሻ ስታቃጥሉ አድጋችኋል? «ኅዳር ሲታጠን» የምንለው፣ በ1918 አዲስ አበባን ያራቆተው የኅዳር በሽታ ትዝታ ነው። ራስ ተፈሪም ታመው ነበር። ኢንፍሉዌንዛ ነው፤ ቫይረሱ ከታማሚ ሰው ተወስዶ ተለይቶ የታወቀው በ1933 ስለሆነ በጊዜው ማንም ሊያውቀው አይችልም። ሰዉ መጥፎ ሽታ ያመጣው መስሎት አጠነ፣ አልፈርድበትም። በሽታው ግን የሚሄደው በሰው ትንፋሽ ነበር። ዛሬ ግን የፕላስቲክ ጭስ ሰፈሩን ሲያፍነው አስማ ያለበትን ጎረቤት አስቡ እንጂ ጎበዝ!

እጅ መታጠብን ብዙ አልሰብክም፤ እኛ ከማዕድ በፊት በማስታጠቢያ እያፈሰሰ የሚያስታጥብ ባህል አለን፣ ሳፋ ውስጥ ከመንከር ውሃ ማፍሰሱ መቶ እጅ ይሻላል። ሳሙናውን አትርሱ። ታጥባችሁ ስታበቁ ግን ስልካችሁን ታነሱና በዚያው እጅ ትጎራረሳላችሁ፤ እሱን ምን ብዬ እንደምጠራው አላውቅም። ለጉንፋን አሞክሳሲሊን የምትውጡትንም አይቻችኋለሁ። ጉንፋን ቫይረስ ነው፣ አሞክሳሲሊን የባክቴሪያ መድኃኒት ነው፤ አያውቀውም።

ባለፈው ሳምንት ከመገናኛ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ዝናብ ነው፣ መስኮቱ ሁሉ ጥርቅም ተደርጓል፣ ከኋላ አንድ ሰው ሳያቋርጥ ያስላል። አጠገቤ ያለውን መስኮት ከፈት አደረግኩ። ከፊቴ ያሉ ሴትዮ ነጠላቸውን እየሳቡ «ኧረ አባቴ ዝጉልኝ፣ ብርድ ይመታኛል» አሉ። እኔም የሠላሳ ዓመት እውቀቴን ይዤ ማስረዳት ጀመርኩ። ረዳቱ ሳቀ። ሴትዮዋ ሰምተው ሰምተው፣ «እሺ፣ ግን አራት ጣት ብቻ» አሉኝ።

አራት ጣት ተስማማን።