መልስ፦ ሻይ የፈሰሰበት ላፕቶፕና እምቢ ያለው «ኤ» ቁልፍ

ወንድሜ፣ ላፕቶፕህ ሻይ ከፈሰሰበት ወዲህ የእንግሊዝኛው «ኤ» (A) ቁልፍ አንዴ ይሠራል አንዴ እምቢ ይላል፣ በአማርኛ ስጽፍም «ላ»ና «ማ» አልወጣ አሉኝ ብለሃል። ፎንቱን አትውቀስ፤ ራብዑን የሚያወጣው ያው ቁልፍ ነው።

መጀመሪያ ዊንዶውስ፣ ኮንትሮል (Ctrl) እና «ኦ» (O)ን አንድ ላይ ተጫን፤ ስክሪኑ ላይ ኪቦርድ ይመጣል። እዚያ በማውስ «ኤ»ን ስትነካ ከጻፈ ሶፍትዌሩ ደህና ነው።

ያኔ ጥፋተኛው የሻዩ ስኳር ሳይሆን አይቀርም። ውሃው ይደርቃል፣ ስኳሩ ግን ሥር ገብቶ ይጣበቃል። ላፕቶፑን አጥፋ፣ ቻርጀሩን ንቀል። የቁልፉን ክዳን በቀጭን ፕላስቲክ ከጠርዙ ቀስ አድርገህ አንሣ፤ ከሥሩ ያለው ነጭ መቀስ መሳይ ፕላስቲክ ከተሰበረ ክዳኑ ተመልሶ አይቆምም። መሐል ያለችውን ጎማ አትንቀል፣ በማጣበቂያ ነው የተያዘችው። የጆሮ ማጽጃ ጥጥ 90 በመቶ አይሶፕሮፒል አልኮል (ቶሎ የሚደርቅ የጽዳት አልኮል) ውስጥ ነክረህ ዙሪያዋን ጥረግ፤ ጥጡ ይርጠብ እንጂ አይንጠብጠብ። ፀጉር ማድረቂያ አትጠቀም፣ ፕላስቲኩን ያጣምማል።

ሌሎች ቁልፎችም አብረው ከሞቱ ግን ውስጥ ያለው የኤሌክትሪክ መስመር ተበልቶ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ጽዳት አያድነውም፣ ኪቦርዱ ይቀየራል። ፒያሳ ወርደህ ዋጋ ከመጠየቅህ በፊት ከላፕቶፑ ሆድ ላይ ሙሉ የሞዴል ቁጥሩን ፎቶ አንሣ፤ ብራንዱ አንድ ሆኖ ገመዱና የብሎን ቦታው የሚለያይ ብዙ ነው። እስከዚያ የዩኤስቢ ኪቦርድ ሰክተህ ሥራህን ቀጥል።