የዊንዶውስ ዲስኩ ጠፋ፤ ፈቃዱስ?

ጥያቄ፦ ድሬዳዋ ከዚራ አካባቢ አነስተኛ የሒሳብ አገልግሎት ቢሮ አለኝ። ሁለት ዴስክቶፕና አንድ ላፕቶፕ በደረሰኝ ገዝቼ እሠራባቸዋለሁ። ዴስክቶፖቹ ዊንዶውስ 7፣ ላፕቶፑ ዊንዶውስ 10 ተጭኖባቸው ነው የመጡት። የዴስክቶፖቹ የዊንዶውስ መጫኛ ዲስኮች ቢሮ ስንቀይር ጠፉ። ከወራት በፊት የላፕቶፑ ሃርድ ዲስክ ሲበላሽ ታይዋን ገበያ ላለ ቴክኒሻን ሰጠሁት። አዲስ ሃርድ ዲስክ ገጥሞ «ኦሪጅናል ዊንዶውስ ጭኜልሻለሁ» ብሎ ሒሳቡን ተቀበለ። አሁን ግን ስክሪኑ ጥግ ላይ ዊንዶውስን አክቲቬት አድርጊ (በፈቃድ ቁልፍ አንቂ) የሚል ጽሑፍ አልጠፋ አለ። አሮጌውን ሃርድ ዲስክም አልመለሰልኝም። በዚህ መሃል አንድ ድርጅት ለጨረታ «የምጠቀምባቸው ሶፍትዌሮች ሕጋዊ ፈቃድ ያላቸው ናቸው» ብዬ እንድፈርም ጠይቆኛል። የጓደኛዬን ዲስክ ተውሼ ብጭን ወንጀል ነው? ቴክኒሻኑንስ ምን ላደርገው እችላለሁ?

መልስ፦ የጠፋው ዲስክ ፕሮግራሙን ወደ ኮምፒውተሩ ያስገባ ዕቃ እንጂ ፈቃዱ ራሱ አይደለም። ፈቃድ እንዳለዎት የሚያስረዱልዎ ሌሎች ነገሮች ናቸው፦ የግዥ ደረሰኙ፣ በኮምፒውተሩ ገላ ላይ የተለጠፈው የማይክሮሶፍት ስቲከር፣ በአዳዲሶቹ ማሽኖች ደግሞ ማዘርቦርዱ (የኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ) ላይ ባለ ቺፕ ውስጥ ፋብሪካው የጻፈው ዊንዶውሱን የሚያነቃ ቁልፍ። እነዚህ እስካሉ ድረስ ዲስክ በመጥፋቱ ብቻ መብትዎን አያጡም።

ሕጉም ይህን አስቦበታል። የኮምፒውተር ፕሮግራም በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 (በአዋጅ ቁጥር 872/2007 እንደተሻሻለ) ጥበቃ ያለው ሥራ ነው። ብዙ ሰው አንቀጽ 9 ላይ «ለግል ጥቅም አንድ ቅጂ ማባዛት ይቻላል» የሚለውን አንብቦ እዚያው ይቆማል። የዚያው አንቀጽ ንዑስ አንቀጽ 2 ግን የኮምፒውተር ፕሮግራምን ከዚህ ያወጣና ወደ አንቀጽ 14 ይመራዋል። ለእርስዎ የሚሠራው አንቀጽ 14 ነው፤ የፕሮግራሙ ሕጋዊ ቅጂ ባለቤት ፕሮግራሙን ለተገዛበት ዓላማ ለመጠቀም፣ እንዲሁም ቅጂው ቢጠፋ፣ ቢበላሽ ወይም ከአገልግሎት ውጪ ቢሆን ለመተካት አንድ ቅጂ ማዘጋጀት ይችላል። ገደቡም እዚያው አለ። ፕሮግራሙን በሕጋዊ መንገድ መያዝዎ ሲያበቃ፣ ለምሳሌ ኮምፒውተሩን ከነፈቃዱ ሲሸጡት፣ ያስቀሩት ቅጂ መጥፋት አለበት።

«ሶፍትዌር በፈቃድ ይሰጣል እንጂ አይሸጥም፤ ስለዚህ ተጠቃሚው የቅጂው ባለቤት አይባልም» የሚል ክርክር በውሎቹ ጥቃቅን ጽሑፍ ውስጥ አለ። በእርስዎ ጉዳይ ብዙ አያስጨንቅም፤ ምክንያቱም ማይክሮሶፍት ራሱ የዊንዶውስ 10ንና 11ን መጫኛ ከድረ ገጹ ማንም በነፃ እንዲያወርደው ፈቅዷል። በሌላ በኩል ገበያው ውስጥ «የውጭ አገር ሥራ እዚህ ጥበቃ የለውም» የሚሉ አሉ። የአዋጁ የተፈፃሚነት ወሰን አንቀጽ 3 ላይ ተቀምጦ ስለሚገኝ ጠበቆች የሚከራከሩበት ነገር ነው፤ ጨረታ ለሚወዳደር ቢሮ ግን የሚጠቅም መከላከያ አይደለም። የሚፈርሙት «ፈቃድ አለኝ» ብለው እንጂ «ማንም አይከሰኝም» ብለው አይደለም።

የጓደኛዎን ዲስክ መዋስ ብቻውን ችግር የለውም። ችግሩ የሚመጣው የጓደኛዎን ቁልፍ እርስዎ ማሽን ላይ ካስገቡ ነው፤ አንድ ፈቃድ ለአንድ ማሽን ነውና። ከዚህም ሌላ ዲስኩ ከአንድ አምራች ኮምፒውተር ጋር የመጣ ከሆነ የሌላ አምራች ማሽን ላይ አልጫንም ሊል ይችላል። ስለዚህ ተውሶ ከመድከም ማውረዱ ይሻላል።

አሁን ወደ ላፕቶፑ። እንደገና ከመጫንዎ በፊት ማስረጃዎን ይያዙ፤ ፎርማት ካደረጉት በቴክኒሻኑ ላይ ያለዎት ማስረጃ አብሮ ይጠፋል። ኮማንድ ፕሮምፕት (ትእዛዝ የሚጻፍበትን መስኮት) ይክፈቱና በላቲን ፊደል ኤስ-ኤል-ኤም-ጂ-አር፣ ክፍት ቦታ፣ ስላሽ፣ ዲ-ኤል-አይ ብለው ጽፈው ኢንተር ይጫኑ። ትንሽ መስኮት ይመጣል። በመግለጫው መስመር «ኦኢኤም ዲኤም» የሚል ካለ ቁልፉ ከፋብሪካው ቦርድ የተወሰደ ነው። «ቮልዩም ኬኤምኤስ ክላየንት» የሚል ካለ ግን ቴክኒሻኑ የጫነልዎ በክራክ (ዊንዶውሱን ያለ ፈቃድ በማታለል በሚያነቃ ፕሮግራም) ነው ለማለት በቂ ምክንያት አለዎት። ይህ ዓይነቱ አክቲቬሽን ኮምፒውተሮቻቸውን በራሳቸው ሰርቨር ለሚያስተዳድሩ ትልልቅ ድርጅቶች የተሠራ ነው፤ ሰርቨሩ ሥራ የሚጀምረው ቢያንስ 25 የዊንዶውስ ኮምፒውተሮች ሲጠይቁት ነው፣ የሚሰጠውም ለ180 ቀን ብቻ ነው፣ ከዚያ በፊት መታደስ አለበት። ሦስት ኮምፒውተር ያለው ቢሮ በዚህ መንገድ በሕጋዊ መልክ አክቲቬት ሊሆን አይችልም። ማስጠንቀቂያው ከወራት በኋላ ብቅ ያለውም በዚሁ ሳይሆን አይቀርም፤ ክራኩ በየጊዜው ራሱን ያድሳል፣ አንቲቫይረስ ሲያጠፋው ግን ቀኑ ይቆጠራል። መስኮቱን ከነላፕቶፑ ሴሪያል ቁጥር በስልክ ፎቶ ያንሱ፣ ሁለት ሰዎችም አብረው ይዩት።

ክራክ የቅጂ መብት ጉዳይ ብቻ አይደለም። እነዚህ መሣሪያዎች እንዲሠሩ አንቲቫይረሱ መጥፋት ወይም እንዲያልፋቸው መታዘዝ አለበት፤ ቴክኒሻኑ የተወውን ክፍት በር ሌላውም ይገባበታል። እርስዎ ደግሞ የሰው ደመወዝ መዝገብና የግብር መለያ ቁጥር ይዘዋል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 እንዲህ ያለ መረጃ የያዘ ሰው ተገቢውን የደኅንነት ጥንቃቄ እንዲያደርግ ያስገድዳል።

ማስረጃውን ከያዙና ፋይልዎን ወደ ውጭ ዲስክ ከገለበጡ በኋላ እንዲህ ያድርጉ። ቢያንስ 8 ጊጋ የሚይዝ ባዶ ፍላሽ ያዘጋጁ፤ ውስጡ ያለው ሁሉ ይጠፋል። ከማይክሮሶፍት ድረ ገጽ «ሚዲያ ክሪኤሽን ቱል» የሚባለውን ያውርዱ፤ የሚወርደው በርካታ ጊጋ ስለሆነ የኢንተርኔት ፓኬጅዎን ይዩ፣ መብራት በሚቆራረጥበት ሰዓትም አይጀምሩት። ሲጭኑ ዋናው ነገር የዊንዶውሱ ዓይነት ከፋብሪካው ጋር መግጠሙ ነው። ላፕቶፖች አብዛኛውን ጊዜ «ሆም» ይዘው ይመጣሉ፣ ቴክኒሻኖች ግን ሁሉም ላይ «ፕሮ» መጫን ይወዳሉ፤ የ«ሆም» ፈቃድ ያለው ማሽን ላይ «ፕሮ» ከተጫነ ሕጋዊው ቁልፍ ቦርዱ ላይ ተቀምጦም አክቲቬት አይሆንም። ብዙ አቤቱታ የሚነሳው ከዚሁ ነው። ቁልፍ ሲጠይቅ «ቁልፍ የለኝም» የሚለውን መርጠው ይለፉ፣ ትክክለኛውን ዓይነት ይምረጡ፣ ሲያልቅ ኢንተርኔት ያገናኙት። ፈቃዱ ካለ ራሱ ይነቃል። ካልነቃ ሴቲንግስ ውስጥ አክቲቬሽን ገብተው ችግር ፈቺውን ያስጀምሩና «በቅርቡ ሃርድዌር ቀይሬያለሁ» የሚለውን ይምረጡ፤ ይህ የሚሠራው ፈቃዱ ቀድሞ ከማይክሮሶፍት አካውንትዎ ጋር ተያይዞ ከነበረ ነው።

ሃርድ ዲስክ መቀየር ፈቃዱን አይነካም። ማዘርቦርድ ግን ይነካል። ከማሽኑ ጋር የመጣ ፈቃድ ከቦርዱ ጋር የታሰረ ነው፤ ቦርዱ በብልሽት ምክንያት ካልተተካ በቀር ማይክሮሶፍት ኮምፒውተሩን እንደ አዲስ ማሽን ያየዋል። መብራት ሲመላለስ ቦርድ ተቃጥሎ ከሌላ አሮጌ ማሽን ተነቅሎ ከተገጠመልዎ የጥገና ደረሰኙ ላይ ምክንያቱን ያስጽፉ። ስቲከሩና ቦርዱ የተለያየ ነገር ሲናገሩ በኋላ ለማስረዳት ይቸግራል።

ዴስክቶፖቹ ይከብዳሉ። ስቲከሩ ላይ በአምስት በአምስት ተከፋፍሎ የተጻፈ 25 ፊደልና ቁጥር አለ። የድሬ ሙቀትና የእጅ ላብ ቀለሙን ያጠፋዋል፣ ስለዚህ ዛሬውኑ በጥሩ ብርሃን ፎቶ አንስተው በላዩ ግልጽ ፕላስተር ይለጥፉበት። ለማንበብ ሲቸገሩ ይህን ይያዙ፦ ዜሮ፣ አንድና አምስት ቁጥሮች እንዲሁም ኦ፣ አይና ኤስ ፊደላት በቁልፍ ውስጥ አይገቡም። 8 ቁጥርና ቢ ፊደል ግን ሁለቱም ስለሚገቡ በአጉሊ መነፅር ይለዩዋቸው።

ቁልፉ ቢነበብም ዊንዶውስ 7 የደኅንነት ማሻሻያ ማግኘት ያቆመው ጥር 5 ቀን 2012 ነው። ዊንዶውስ 10ም ጥቅምት 4 ቀን 2018 መደበኛ ድጋፉ አብቅቷል። ቀድሞ የ7ን ቁልፍ አስገብቶ 10ን ወይም 11ን በነፃ መጫን ይቻል ነበር፤ ማይክሮሶፍት ያንን መንገድ በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ዘግቶታል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ቺፕ እና በማይክሮሶፍት ዝርዝር ውስጥ ያለ ፕሮሰሰር ስለሚጠይቅ ያን ዘመን ዴስክቶፕ አይቀበልም። የቀረዎት በዊንዶውስ 11 የሚሠራ ማሽን ከነፈቃዱ መግዛት፣ ወይም ለጽሕፈትና ለኢንተርኔት ብቻ ለሚውለው በዊንዶውስ ፈንታ ኮምፒውተሩን የሚያሠራውን ኡቡንቱ መጫን ነው፤ ኡቡንቱ ነፃ ነው፣ የአማርኛ ኪቦርድም አለው፣ ፒችትሪ የሚባለው የሒሳብ ፕሮግራም ግን አይሠራበትም። በቴሌግራም በርካሽ የሚሸጡ ቁልፎችን አይግዙ። ብዙዎቹ ከሌላ ድርጅት የጅምላ ፈቃድ የወጡ ናቸው፤ ዛሬ ይነቃሉ፣ ነገ ይታገዳሉ፣ በእጅዎም ደረሰኝ አይኖርም።

ስለ ቴክኒሻኑ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች የሚለው ለግል ወይም ለቤተሰብ ፍጆታ የሚገዛን ሰው ስለሆነ ለቢሮ ሥራ ላሠሩት ነገር በዚያ መሄድ ያከራክርዎታል። ቀጥተኛው መንገድ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ነው፤ ቃል የገባውን አልፈጸመም፣ በአንቀጽ 1771 መሠረት ውሉ እንዲፈጸም ወይም እንዲሰረዝ፣ ከዚያም ካሳ መጠየቅ ይችላሉ። በአንቀጽ 1772 ግን ቀድሞ ማስጠንቀቂያ መስጠት ያስፈልጋል። እንዲህ ሊጻፍ ይችላል፦

«ጉዳዩ፦ ውልን በአግባቡ እንዲፈጽሙ ማስጠንቀቂያ ስለመስጠት። በ… ቀን ላፕቶፔ (ሴሪያል ቁጥር …) ላይ አዲስ ሃርድ ዲስክ ሊገጥሙና ኦሪጅናል ዊንዶውስ ሊጭኑ ተስማምተን ብር … ከፍያለሁ። የተጫነው ግን ሕጋዊ ፈቃድ የሌለው ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ይህ ደብዳቤ በደረሰዎ በ10 ቀን ውስጥ ለመጫኛ የከፈልኩትን እንዲመልሱና አሮጌውን ሃርድ ዲስክ እንዲያስረክቡኝ፤ ካልሆነ ግን ወጪና ኪሳራዬን ጨምሬ በሕግ የምጠይቅ መሆኔን አስጠነቅቃለሁ።»

በሁለት ቅጂ አዘጋጅተው አንዱ ላይ «ደርሶኛል» ብሎ እንዲፈርም ያድርጉ፤ እምቢ ካለ በምስክር ፊት ይስጡት። ደረሰኙ ላይ «ፎርማት» ብቻ ተጽፎ ከሆነ «ኦሪጅናል» ያለበትን የቴሌግራም መልእክት ይፈልጉ። በኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 መሠረት እንዲህ ያለው መልእክት ኤሌክትሮኒክ በመሆኑ ብቻ ውድቅ አይደረግም፤ ስክሪንሾት ብቻ ሳይሆን ስልኩንም ይያዙ።

አሮጌው ሃርድ ዲስክ የእርስዎ ንብረት ነው፤ ቢበላሽም የደንበኞችዎ መረጃ በላዩ ስላለ ከገንዘቡ በፊት እሱን ያስመልሱ። ሲመለስ ተቆልፎ ቢገኝ 48 አኃዝ ያለው መክፈቻ በማይክሮሶፍት አካውንትዎ ውስጥ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። አልመልስም ካለ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 675 የእምነት ማጉደል፣ ስለ «ኦሪጅናሉ» ደግሞ በአንቀጽ 692 የአታላይነት አቤቱታ ማቅረብ ይቻላል። ከፖሊስ ግን አይጀምሩ፤ አስቦ እንዳታለለ ማስረዳት ከባድ ነው፣ ብዙው እንዲህ ያለ ጉዳይም በደብዳቤው ያልቃል። ወደ ፍርድ ቤት ከደረሱ ድሬዳዋ የፌዴራልም የከተማ አስተዳደሩም ፍርድ ቤት ስላላት የትኛው ሥልጣን እንዳለው አቤቱታ ከማስገባትዎ በፊት ሬጅስትራር ያጣሩ።

ጨረታው ላይ ላፕቶፑ በሕጋዊ ፈቃድ ሳይነቃ አይፈርሙ። ጊዜው ካጠረ ለተባለው ሥራ የሚውለውን አንድ ኮምፒውተር ብቻ ለይተው በሴሪያል ቁጥሩ ይግለጹ፣ ደረሰኙን፣ የስቲከሩን ፎቶና የአክቲቬሽን ገጹን ያያይዙ። ደረሰኙ ከጠፋ ሻጩ ከደረሰኝ ጥራዙ ኮፒ አድርጎ ማኅተም እንዲያደርግበት ይጠይቁ። ፒችትሪ የሚጠቀሙ ከሆነ ስለ እሱ አልጠየቁኝም፤ ሆኖም የማረጋገጫው ቃል «ሶፍትዌሮች» ነው የሚለው፣ የዊንዶውስ ፈቃድ ደግሞ ሌላውን አይሸፍንም። የእሱ ፈቃድ በማን ስም እንደተገዛና ለስንት ተጠቃሚ እንደሆነ ከመፈረምዎ በፊት ያረጋግጡ።