አጠገቡ መቆም ማደም ነውን?

በየካ አባዶ አንዱ ሰው ወግቶ ሲገድል ሁለቱ ከገዳዩ አጠገብ ቆመው ነበር፤ ምስክሩ ያየው ይህን ብቻ ከሆነ ሦስቱም በግድያ ይቀጣሉ ወይ ላልኸው፦ መቆም ብቻውን አያስቀጣም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 32 በእጁ ያልገደለውን ዋና አድራጊ የሚያደርገው በሐሳቡና በአድራጎቱ የወንጀሉ ሙሉ ተካፋይ ሲሆን ነው። አንቀጽ 38 ደግሞ ለማደም ስምምነት ይጠይቃል። ስምምነት በዓይን አይታይም፤ ከሁኔታው ነው የሚገመተው። ስለዚህ ምስክሩ ይጠየቅ፦ ሟች ሊሸሽ ሲል መንገድ የዘጋበት ማን ነው? «ያዘው!» ያለስ? ቢላዋውን ማን ተቀበለ? የመንገዱ መብራት ይበራ ነበር? (የሰፈሩን ጨለማ አውቀዋለሁ፤ ተራ ጥያቄ አይደለም።) ሰዎቹን ቀድሞ ያውቃቸዋል ወይስ መጀመሪያ ያያቸው ፖሊስ ጣቢያ ነው? ቀድሞ ሳይስማማ፣ ከግድያው በኋላ ገዳዩን የደበቀ ካለ ግን ክሱ ሌላ ነው።