አምባዛው ከቀረሶ ኩሬህ እንዳይመለስ

ሰላም ለቤቱ። የወንድማችን ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው፦ ኮምቦልቻ ዳር 20 በ15 ሜትር የሆነ የአፈር ኩሬ አለው፤ ጥልቀቱ 1 ሜትር ገደማ ነው። 600 የቀረሶ (ቲላፒያ) ዓሣ ጫጩት ጨምሮበት ነበር። አሁን መረብ ሲጥል የሚያገኘው ጥቂት ቀረሶና ክንድ የሚያክሉ አምባዞች (ቀረሶ የሚበሉ ጢማም ዓሦች) ሆነ። ሁለት ጊዜ ውሃውን አፍስሶ እንደገና ሞልቶታል፣ አምባዛው ግን ተመልሷል። ዓሣ የሚገድለውን የብርብራ ዛፍ ፍሬ ጨምርበት ያለው ሰው አለ። የሚይዛቸውን አምባዞች በሕይወት ወስዶ አርዲቦ ሐይቅ ቢለቃቸው ችግር ይኖረው እንደሆነም ጠይቋል።

ወንድሜ፣ ብርብራውንም አርዲቦንም ተዋቸው፤ ምክንያቱን ወደ ታች ታገኘዋለህ። አሁን የሚያስፈልግህ አምባዛው በየት እንደገባ ማወቅ ነው። የገባበትን በር ሳትዘጋ ብትጨርሰው በሚቀጥለው ክረምት ያንኑ ሥራ ትደግማለህ፤ ሁለት ጊዜ የደከምከውም በዚሁ ይመስለኛል።

ብዙ ሰው ወፍ አመጣው ይላል። ወደ ሰማይ ከማየትህ በፊት የጫጩቱን ባልዲ ተመልከት። ከሐይቅ ወይም ከወንዝ ዳር በመረብ የተሰበሰበ ጫጩት ሁልጊዜ ጥሩ ቀረሶ ብቻ አይደለም። ወደ ኩሬው ከመድፋትህ በፊት ነጭ ሳፋ ላይ በትንሽ በትንሹ እያፈሰስክ አይተህ ቁጠረው። አምባዛ ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ሳለም ይለያል፤ ቅርፊት የለውም፣ አፉ ዙሪያ አራት ጥንድ ጢም አለው፣ የጀርባ ክንፉ ከራሱ ኋላ ተነስቶ እስከ ጅራቱ አጠገብ ይደርሳል። 600 ጫጩት እንዲህ ማየት ከሁለት ሰዓት አይበልጥም። አምስት አምባዛ ካመለጠህ ግን ቀረሶውን እየበሉ ያድጉና ስትሰበስብ ጉድለቱን ታየዋለህ።

ሁለተኛው በር የቦይ ውሃ ነው። አምባዛ የሚራባው ዝናብ ጥሎ ውሃ ሣር ላይ ሲተኛ ነው። እንቁላሉ ሣርና ቅጠል ላይ ይጣበቃል፣ ውሃው ሞቅ ካለ በአንድ ቀን ወይም በአንድ ቀን ተኩል ይፈለፈላል፣ የሚወጣው እጭም ከ1 ሴንቲ ሜትር ያነሰ ነው። ስለዚህ ቱቦው አፍ ላይ የዶሮ ሽቦ ገጥሞ ዘግቻለሁ ማለት አይቻልም፤ ሽቦው የሚያስቀረው ትልቁን ብቻ ነው። የሚያስፈልገው ቀዳዳው ከግማሽ ሚሊ ሜትር ያልበለጠ የናይሎን ጨርቅ ነው። ከ2 እስከ 3 ሜትር የሚረዝም ከረጢት አሰፋው፤ አንዱን አፍ ከመግቢያው ቱቦ ጋር በጎማ አጥብቀህ እሰር፣ ሌላውን ጫፍ በገመድ ቋጥረው። መርዘሙ ያለ ምክንያት አይደለም፤ አጭሩ በደለል ቶሎ ይደፈንና የውሃው ግፊት ይቀደዋል ወይም ከቱቦው ያወልቀዋል። በክረምት በየቀኑ አጽዳው፣ ስታጸዳውም ቋጠሮውን ኩሬው ላይ አትፍታ። ከኩሬው ርቀህ ደረቅ መሬት ላይ ገልብጠው። ከከረጢቱ በፊት ከታች ወፍራም ከላይ ደቃቅ ጠጠር የተሞላ የ200 ሊትር በርሜል ብታስቀድም ደለሉ ይቀንስልሃል። ከባድ ዝናብ በጣለ ማግስት ግን መግቢያውን ዝጋ፤ ያን ቀን የሚመጣው ውሃ ጭቃ፣ ቆሻሻና እጭ ነው። የቱቦው ጫፍ ከኩሬው ውሃ ከ30 እስከ 50 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ይፍሰስ፣ ውስጥ ያለው ዓሣ ወደ ቱቦው ዋኝቶ እንዳይወጣ።

የወባ አጎበር በወንፊትነት የምትጠቀሙ ወገኖች፣ እባካችሁ ተዉት። አጎበሩ የሚነከርበት የትንኝ መድኃኒት ለዓሣ በጣም መርዛም ነው፤ ቀዳዳውም ለእጭ ሰፊ ነው። ደግሞም አጎበሩ ለሰው የተሰጠ ነው።

ሦስተኛው በር ዳሩ ነው። አምባዛ ከስንጥቡ በላይ አየር የሚተነፍስበት ቅርንጫፍ መሰል አካል ስላለው ዝናባማ ሌሊት በደረት ክንፉ እሾህ እየተደገፈ እርጥብ ሣር ላይ ይሄዳል። የኩሬው ዳር ከውሃው ቢያንስ 40 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይበል። ዙሪያውን 50 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ለስላሳ ቆርቆሮ ወይም ወፍራም ፕላስቲክ አቁም፤ ከዚህ በተጨማሪ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል መሬት ውስጥ ይቀበር። ውጭና ውስጥ ያለውን ሣር እጨደው። ትርፍ ውሃ መውጫውም ወንፊት ይኑረው።

አሁን ወደ ማጥፋቱ። ትክክለኛው ጊዜ ቀረሶው ደርሶ ስትሰበስበው፣ ከኅዳር እስከ ጥር ነው። ክረምቱ አልፏል፣ በልጉ ገና ነው፤ በመጋቢትና በሚያዝያ ኩሬ ላድርቅ ብትል የወሎ በልግ ያበላሽብሃል። በብርዱ ወራት ቀረሶም እድገቱ ስለሚቀዘቅዝ የምታጣው ጊዜ ትንሽ ነው። ከዋዜማው መኖ አቁም። ገና ሳይነጋ ውሃውን ወደ 30 ሴንቲ ሜትር አውርድ፣ መረቡን ሁለት ሦስት ጊዜ ጎትት፣ ቀረሶውን አውጣ። ቀጥሎ መውጫው አጠገብ ግማሽ ሜትር የሚጠልቅ ጉድጓድ ቆፍርና የቀረውን ውሃ ሁሉ ወደዚያ ምራ። አምባዛ ሲጨንቀው ጭቃ ውስጥና በዳሩ ጉድጓዶች ይደበቃል፤ ሌሊት በባትሪ ተመለስና የወጣውን ልቀም። ውሃ ስለሌለ ይሞታል አትበል፣ እርጥብ ጭቃ ውስጥ ብዙ ቀን ይቆያል። ያፈሰስከው ኩሬ መልሶ አምባዛ የሚያወጣው አንዳንዴ በዚህ ምክንያት ነው።

ጭቃው ገና እርጥብ ሳለ ኖራ ነስንስበት። ልኩ ለ100 ካሬ ሜትር ከ10 እስከ 15 ኪሎ ነው፤ ለአንተ ኩሬ ከ30 እስከ 45 ኪሎ ይሆናል። ውሃ ያቆሩ ቦታዎችና ጉድጓዶች ላይ በርከት አድርግ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የሚገድለው ኖራ ውሃ ሲነካው የሚግለውና የሚፈላው ነው። ለእርሻ መሬት የሚጨመረው የተፈጨ የኖራ ድንጋይ አፈር ያሻሽላል እንጂ አምባዛ አይገድልም። የሚግለውም ቢሆን ከረጢቱ ተከፍቶ ከከረመ ኃይሉ ይወርዳል። ስትነሰንስ ነፋስ አይኑር፣ ጓንትና መነጽር አድርግ፤ ዓይን ያጠፋል። ከዚያ ጭቃው እስኪሰነጣጠቅና እግርህ እስከማይሰምጥ ድረስ ሁለት ሦስት ሳምንት ይድረቅ። ሞልተህ የውሃው ፒኤች (የአሲድነትና የአልካላይነት መለኪያ) ከ9 በታች ሲወርድ አምስት ጫጩት በትንሽ መረብ ከረጢት አድርገህ አንድ ቀን አሳድር። ደህና ካደሩ የቀረውን ጨምር።

ቀረሶው ገና ካልደረሰና ሌላ ኩሬ ከሌለህ እስከዚያው በመንጠቆ ቀንስ። አምባዛ የሌሊት ዓሣ ነው። አመሻሽ ላይ አሥር ትላልቅ መንጠቆዎች በ1.5 ሜትር ርቀት አንድ ገመድ ላይ አስረህ የዶሮ አንጀት ወይም ጉበት ሰካባቸውና ከታች ጥቂት ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርገህ ዘርጋ፤ ጠዋት አንሳ። የቀረሶ አፍ ትንሽ ስለሆነ ትልቅ መንጠቆ አይጎዳውም። ስትይዘው ከጎን እሾሁ ተጠንቀቅ። ይህ ይቀንሳል እንጂ አይጨርስም።

ብርብራ ለምን እንቢ? ፍሬው ውስጥ ያለው ሮቴኖን ዓሣ በስንጥቡ የሚወስደው መርዝ ነው። አየር የሚተነፍሰው አምባዛ ከቀረሶው የበለጠ ይቋቋመዋል፤ ጭቃ ውስጥ የተደበቀው ደግሞ ጭራሽ ላይነካ ይችላል። የምትፈልገውን ጨርሶ የማትፈልገውን ያተርፍልሃል ማለት ነው። የፍሬው ጥንካሬም ከዛፍ ዛፍ ስለሚለያይ ለ300 ሜትር ኩብ ይህን ያህል ጨምር ብሎ ልክ የሚነግርህ የለም። ውሃህ ወደ ቦይ ካመለጠ የታችኛውንም ዓሣ ይፈጃል። ተመዝኖ የተጨመረ ሮቴኖን እንኳ ሁልጊዜ አይሳካም። ካሊፎርኒያ ውስጥ ዴቪስ የሚባል ሐይቅ ላይ ፓይክ የተባለውን አዳኝ ዓሣ ለማጥፋት በ1997 እ.ኤ.አ. ሮቴኖን ተጨመረ፤ በ1999 ፓይኩ እንደገና ታየ፤ በ2007 ሥራው ከዜሮ ተደገመ።

ወደ አርዲቦ ስለመልቀቁ፦ አምባዛን ቅርፊት ስለሌለው የማይበላ ሰው በእኛ አገር ብዙ ነው። የያዘው ሰው መግደሉ ስለሚከብደው ወንዝ ወይም ሐይቅ ይወስደዋል፤ ልቡ ደግ ነው፣ ሥራው ግን ጎጂ ነው። ሐይቁ ውስጥ አምባዛ ቢኖርም ባይኖርም ከኩሬህ ጥገኛ ትልና በሽታ አብሮ ይሄዳል፤ በባልዲው ውስጥ ሳታውቀው ሌላ ዓይነት ጫጩትም ሊኖር ይችላል። ከአርዲቦ የሚወጣው ወንዝ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ያለበት ሐይቅ ስለሚገባ አንድ ቦታ የለቀቅከው ለሁለት ሐይቅ ይተርፋል። ከሐይቅ አዳኝ ዓሣን ለቅሞ መጨረስ ደግሞ የማይቻል ያህል ነው፤ ቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ በ1950ዎቹ የገባው የናይል ፐርች ሌሎች ብዙ ዝርያዎችን አጥፍቶ ዛሬም እዚያው አለ። ቦርከና ወንዝ መልቀቅም ያው ነው። የያዝከውን ለሚበላ ሰው ሽጥ፣ ወይም ቀቅለህ ለዶሮ ስጥ፣ ወይም ቅበር።

አምባዛ ሁልጊዜ ጠላት ነው ማለቴ ግን አይደለም። ቀረሶ ኩሬ ውስጥ ያለ ልክ ሲራባና ሁሉም ሲቀጭጭ፣ ከቀረሶው ያነሱ አምባዞች ተቆጥረው ቢገቡ ትርፉን ጫጩት ይለቅማሉ። ልዩነቱ አንተ ቆጥረህ ማስገባትህ ነው።

የመግቢያ ቱቦህ ስንት ኢንች እንደሆነና ጫጩቱን ከየት እንዳመጣህ ጻፍልን፤ የከረጢቱን አፍ ስፋት በዚያ ልክ እንነግርሃለን።