ከልጅ ጋር ትልቅ ዛፍ ለምትወጡ

አውስትራሊያ ያላችሁ ወይም ዘመድ ልትጠይቁ የምትመጡ፣ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ፔምበርተን ብትሄዱ ደስ ይለኛል። ከፐርዝ ወደ ደቡብ በመኪና አራት ሰዓት ገደማ ነው። እዚያ ካሪ የሚባል የባሕር ዛፍ ወገን አለ። ከነዚህ አንዱ፣ ግሎስተር የተባለው ዛፍ፣ ከ50 ሜትር በላይ ይረዝማል።

በዚያ ጫካ ከዛፎቹ በላይ አሻግሮ የሚያሳይ ኮረብታ እንደልብ አይገኝም። ስለዚህ የደን ጠባቂዎች ጭስ ከሩቅ ለማየት ዛፎቹን ራሳቸውን ማማ አደረጓቸው። የግሎስተር ማማ የተሠራው በ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ነው። የሚወጣው ግንዱን እየዞሩ በተተከሉ 153 የብረት ዘንጎች ነው። ገመድ የለም፣ ቀበቶ የለም። በውጭ በኩል የሽቦ መረብ አለ፤ በዘንጎቹ መሃል ግን መሬቱ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

የ11 ዓመቱ ልጄ አርባኛው ዘንግ አካባቢ ቆመ። «አይዞህ፣ ትንሽ ነው የቀረህ» አልኩት። ከመቶ በላይ ይቀረው ነበር። ቀና ብዬ ሳየው ጉልበቱ ይንቀጠቀጣል፤ ጣቶቹ ዘንጉን ከመጨበጥ ብዛት ነጭ ሆነዋል። ያን ቃል ባልተናገርኩ ኖሮ እያልኩ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

መውረዱ ከመውጣቱ ባሰ። ፊቱን ወደ ግንዱ አዙሮ ስለሚወርድ እግሩን የት እንደሚያሳርፍ አያይም። እኔ ከሥሩ ሆኜ ጫማውን እየያዝኩ አንድ በአንድ ዘንጉ ላይ አስቀመጥኩለት። ስለዚህ ሁልጊዜ ትልቅ ሰው ከልጁ በታች ይሁን። ከመሬት ሳትነሱም ተስማሙ፦ ልጁ «በቃኝ» ካለ ወዲያው መውረድ ነው። ልመና የለም፣ ከእህት ከወንድም ጋር ማወዳደርም የለም።

ዝናብ ከጣለ ብረቱ ያዳልጣል፣ ተዉት። ነጠላ ጫማ አይሆንም። ሕፃን አዝላችሁ አትሞክሩ። ደግሞ ዛፎቹ ያረጁ ስለሆኑ ለምርመራ መውጣት የሚከለከልበት ጊዜ አለ፤ መንገድ ከመጀመራችሁ በፊት የፓርኩን ማስታወቂያ እዩ። ዝግ ቢሆንም ጫካው ውስጥ በእግር መሄዱ ብቻ ጉዞውን ይክሳል።

በሌላ ጊዜ ስንመለስ ልጄ ዘንጎቹን ጮክ ብሎ እየቆጠረ ወጣ። 61 ላይ «በቃኝ» አለ። ወረድን።